አመድ ላይ ያደሩ እግሮች

ቅዳሜ

ሐጃ ነፊሳ አይጧን ያዩዋት ሻያቸውን አጋምሰው ነው። አልጮኹም። ብርጭቆውን አስቀመጡና ጣታቸውን ዘረጉ። እኔና ዛህራ ጣታቸውን ተከትለን ዞርን። አይጧ በቆርቆሮው ሳጥንና በአልጋው መካከል፣ ግድግዳው ሥር ቆማ ፊቷን ትታጠባለች። በሁለት እጇ፣ ከአፍንጫዋ ወደ ጆሮዋ፣ ልክ ለሶላት እንደሚሰናዳ ሰው። ጨርሳ፣ ሳትቸኩል፣ ከሳጥኑ ጀርባ ገባች።

"የልጅ ልጄ የሚተኛው እዚህ ነው?" አሉ ሐጃ ነፊሳ በዓረብኛ።

"ወላሂ ሐጃ፣ ዛሬ ገና ነው ያየኋት" አለች ዛህራ። ውሸቷን ነው። ቤቱን ከከፈትንበት ቀን ጀምሮ ታያቸዋለች። እኔም አያቸዋለሁ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፤ የጋዜጣ ቤት ልማድ አይለቅም። ዛህራ ታናሽ እህቴ ናት። በወጣትነቷ ከወሎ ወጥታ ካርቱም ሰው ቤት ሠራች፤ ሱዳናዊ አገባች፤ እዚህ ካላክላ ሰፈር ይህን ቤት ሠርተው ሙኒራን ወለዱ። ባሏ ሞቷል። ጦርነቱ ሲመጣ እናትና ልጅ ቤቱን ቆልፈው ገደሪፍ ሸሹ፤ ሙኒራ እዚያው አገባች። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በመተማ በኩል አድርጌ ገደሪፍ ልጠይቃቸው መጣሁና አብሬያቸው ወደ ካርቱም ገባሁ። ምክንያቱም ሙኒራ ልትወልድ ነው። አሁን ኦምዱርማን፣ ከባሏ ከያሲር እናት ከሐጃ ነፊሳ ዘንድ ናት። በዚህ አገር ሴት አርባ ቀኗን የምትታረሰው ግን እናቷ ቤት ነው። ዛህራ በስደት የኖረችው ይህንን እያሰበች ነው። ይህን ክፍል፣ ይህን አልጋ፣ ሙኒራን በላዩ ላይ።

ቤቱ ተቆልፎ በቆየበት ዘመን ግን ሰው አጥቶ አልነበረም። አይጦች ነበሩበት።

"አይጥ ወተት የሚሸት አፍንጫ ይወዳል" አሉ ሐጃ ነፊሳ የሱዳን ሴት የምትጠቀለልበትን ረጅም ጨርቅ፣ ቶባቸውን፣ እያጣፉ። "ሕፃን ሲተኛ ይመጣል፤ ይነክሳል። ዓርብ እመለሳለሁ። አንዲት ፍሬ የአይጥ ኩስ ካየሁ ሙኒራ ከእኔ ጋር ትቀራለች። ኸላስ።"

ከሄዱ በኋላ ዛህራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "አንቺ ጋዜጠኛዋ፣ ስንት ባለሥልጣን አስደንግጠሻል። በይ አንድ ነገር ጻፊና አባሪልኝ።"

"አይጥ አያነብም።"

"ባለሥልጣንም አያነብም ነበር እኮ።"

እሑድ

ዛህራ ገና ጎህ ሲቀድ መጥረጊያ ይዛ ተነሳች። እጇን ያዝኩ። የደረቀ የአይጥ ኩስ አይጠረግም፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ይህን በአንድ ወቅት ለጤና ዓምድ ስሠራ ነው የተማርኩት። አፍና አፍንጫችንን በሻርፕ አስረን፣ በረኪና በውኃ በጥብጠን ረጨን፣ እስኪርስ ጠበቅን፣ ከዚያ በጨርቅ እየጠቀለልን አነሳን።

"ኦህ፣ እታለም፣ አይጥን በክብር ነው የምትቀብሪው" እያለች ትሥቅብኛለች። አነሳች ግን።

ኩሱ ከጥቁር አዝሙድ ከፍ፣ ከሩዝ ዝቅ ያለ ነው፤ ጫፉ የሾለ። የተገኘው ሁሉ ከግድግዳ ሥር። መሐል ወለል ላይ አንድም የለም። ከዚያ ግድግዳውን አየሁት። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ክፍሉን ዙሪያውን፣ በእርሳስ የተሳለ የመሰለ ጥቁር መስመር አለ። በጣቴ ነካሁት፤ ቅባት ነው። አይጥ ዓይኗ ደካማ ነው። መንገዷን የምታውቀው በጢሟና በጎኗ ነው፤ ግድግዳውን እየዳሰሰች ትሄዳለች። ከጸጉሯ የሚቀረው ቅባት ኢምንት ነው። ያ ኢምንት ተደራርቦ በዓይን የሚታይ መስመር እስኪሆን ስንት ጊዜ እንዳለፉ አሰብኩ። እኛ ገደሪፍ በየቀኑ የከተማዋን ወሬ ስንጠብቅ፣ እነርሱ እዚህ በየቀኑ ይህን መንገድ ሲሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ዛህራ የቆርቆሮውን ሳጥን ከፈተች። ከውስጡ ገርመሲስ ልታወጣ ነበር። ገርመሲስ እዚህ አገር ሙሽራና አራስ የሚለብሱት ቀይና ቢጫ የሐር ጨርቅ ነው፤ ይህኛው የራሷ ነበር፤ ለሙኒራ ያስቀመጠችው። ሳጥኑ ከታች ጥጉ ላይ በዝገት ተበልቷል። ጨርቁን ስትዘረጋው ግማሹ የለም። ጠርዙ ተቆርጧል ማለት አይቻልም፤ ተተርትሯል። ክር በክር።

ዛህራ አጥፋ መለሰችው።

እኔ ወለሉን ፈተሽኩ። አንድም ቁራጭ አልወደቀም። አልበሉትም ማለት ነው፤ ወስደውታል። የት?

ሰኞ

ትናንት ማታ ዛህራ ከገበያ ያመጣቻቸውን ሁለት የእንጨት ወጥመዶች ክፍሉ መሐል አስቀምጣ፣ ዳቦ ሰክታባቸው ነበር። ጠዋት ዳቦው እንዳለ ነው። በእርግጥ እንዳለ ነው፤ መሐል ወለል ላይ ማን ይሄዳል? ወደ ግድግዳው አስጠጋኋቸው፤ መብሉን የያዘውን ጫፍ ከግድግዳው ጋር አገናኘሁት። ዳቦውንም ጥዬ ደኳ ቀባሁ። ደኳ እዚህ ሰው ሁሉ የሚበላው የኦቾሎኒ ቅቤ ነው።

"ደኳ ለአይጥ!" አለች ዛህራ። "ለእኔ ቁርስ ሻይ በዳቦ፣ ለእርሷ ደኳ።"

እኩለ ቀን ላይ አንዱ ወጥመድ ተልሷል። ደኳው አንድ ጠብታ ሳይቀር ተወስዷል፤ ወጥመዱ ግን አልፈነጠረም። እንዴት ያለ ቀላል ምላስ ነው! ተንበርክኬ ብዙ አየሁት።

ሁለተኛው ይዟል። ወንድ ነው። ዛህራ እልል ልትል ትንሽ ቀራት። እኔ በጓንት አንስቼ ያዝኩት። ከታሸገ ደብዳቤ አይከብድም። የኋላ እግሩ ጣቶች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጥፍር አላቸው። ይህ ነው ሁለት ሴቶችን እንቅልፍ ያሳጣ፣ አንዲት ሐጃ ያስቆጣ አካል።

ጎረቤት ድመት አውሰውን ነበር። ድመቷ ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞረችና ሳጥኑ ላይ ወጥታ እስከ ምሽት ተኛች። ዛህራ አየቻትና "ተያት እታለም፣ እርሷም ተፈናቃይ ናት፤ ደክሟታል" አለች።

መርዝ ያሲር ሊያመጣ ነበር። እምቢ አልኩ። መርዝ የበላች አይጥ ግድግዳ ውስጥ ገብታ ትሞታለች፤ ሽታው ቤቱን ይዞ ይቀመጣል። መርዙም አራስ ቤት አይገባም።

ማክሰኞ

ቀዳዳ የመድፈን ቀን። ዓም ኡስማን፣ አጎት ኡስማን እንደማለት፣ መጡ፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉ ጎረቤት ናቸው፤ ግንበኛ ነበሩ፤ አሁንም ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ስለፈረሰ ሥራ አላጡም። እኔን "ኡስታዛ"፣ መምህርት፣ ይሉኛል፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ ነው።

ሕጉን ነገርኳቸው፤ ትንሿ ጣቴ የምትገባበት ሁሉ ይደፈን። መጀመሪያ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ይጠቀጠቅበት፤ በላዩ ሲሚንቶ። ሲሚንቶ ብቻውን ሳይደርቅ ይቦረቦራል፤ ሽቦውን ግን ጥርሷ አይወደውም።

"ኡስታዛ፣ በዚህች ቀዳዳ?" አሉ የውኃ ቧንቧው የሚገባበትን እያሳዩኝ። "በዚህች ጉንዳን እንኳ ብትገባ ትጨነቃለች።"

ገና ተናግረው ሳይጨርሱ ወጣች። በዚያችው ቀዳዳ። መዶሻው ረብሿት መሰለኝ። መጀመሪያ ጢሟ፣ ከዚያ ራሷ፤ ራሷ ላይ ትንሽ ቆመች፣ እንደሚለካ ሰው። ራሷ ካለፈ በኋላ ቀሪው አካሏ አልወጣም፤ ፈሰሰ። ትከሻዋ ጠፋ፣ ሆዷ ቀጠነ፣ ከዚህኛው ወገን እንደገና አይጥ ሆነች፤ ከዚያም በዓም ኡስማን እግር አጠገብ አልፋ በበሩ ወጣች።

"ሱብሓነላህ" አሉ ዓም ኡስማን በመጨረሻ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቀዳዳ አልተከራከሩኝም።

የቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ የመስኮቱ ጥግ ተደፈኑ። በሩ ሥር የቆርቆሮ ቁራጭ ተመታ። ማሽላውም፣ ስኳሩም፣ ምስሩም ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ድካም ነው፤ ግን የሚያረካ ድካም።

ሙኒራ ደወለች፤ እኔን ኻልቶ፣ አክስቴ፣ ነው የምትለኝ። አማርኛዋ እንደ ቤቱ ግድግዳ ነው፤ እዚህም እዚያም በሌላ ነገር የተጠገነ። "ኻልቶ፣ እውነት ተናገሪ። ማማ ትዋሻለች፣ አንቺ ሰሓፊያ ነሽ። ፋር አለ ወይስ ማፊ?"

"አይጡማ አለ" አልኳት። "እየቀነሰ ነው።"

ዛህራ በዓይኗ በላችኝ። ሙኒራ ግን "ሐጃ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኔ እናቴ ጋር ነው የምፈልገው" አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። ዛህራ ስልኩን ወስዳ ጓሮ ወጣች።

ሲመሽ ወለሉ ላይ ዱቄት ልነሰንስ አልኩ፤ ዱካ ካለ እንድናይ። ዛህራ "ዱቄት በትነሽ አይጥ ልታባርሪ? ድግስ ጥሪያቸው እንጂ!" አለች። እውነቷን ነው፤ ዱቄት ይበላል። የከሰል አመድ በሻይ ማጥለያ ነፍታ ሰጠችኝ። "አመድ በዱቄት ይስቃል ሲባል ሰምተሻል? ዛሬ ሳቀ።" ግድግዳውን ተከትዬ፣ ከበሩ እስከ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ እስከ አልጋው፣ ስስ አድርጌ ነሰነስኩ።

ረቡዕ

አመዱ ተጽፎበታል።

ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ፣ በሩ ተዘግቶ፣ አመዱ ዳር እስከ ዳር ተረግጧል። የፊት እግር አራት ጣት፣ የኋላው አምስት፤ አልፎ አልፎ በመሐል ቀጭን የጅራት መስመር። ዛህራ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ሐጃ ነፊሳ የሚመጡት ከነገ ወዲያ ነው።

"ጂን ነው በይኝ እንግዲህ" አለች።

"ጂን አምስት ጣት የለውም።"

"አንቺ አይተሻል?"

ዱካውን ተከተልኩ። ከበሩ የሚጀምር የለም። ከመስኮቱ የሚጀምር የለም። ሁሉም ከአልጋው ሥር ይወጣል፣ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል፣ ማሽላው ከነበረበት ደርሶ ይመለሳል፤ መልሶ አልጋው ሥር ይገባል። አልጋው ሥር ሰሌን ተነጥፏል። ዱካው ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ያልቃል።

አልጋውን ገፋነው። ዛህራ ሰሌኑን ስትገልጠው ሁለታችንም ባለንበት ቀረን።

የዱኻን ጉድጓድ ነው።

ይህን ለማያውቅ፦ የሱዳን ሴት፣ ባለ ትዳርም አራስም፣ ገላዋን በጭስ ትሞቃለች። እኛ አገር ወይባ እንደሚሞቀው ነው። የሸክላ ማሰሮ ወለሉ ውስጥ ይቀበራል፤ አፉ ከወለሉ እኩል ይሆናል፤ ጠልሕ የሚባል የግራር እንጨት ይጤስበታል፤ ሴቲቱ ወፍራም ጨርቅ ተጠቅልላ በላዩ ትቀመጣለች። ይህን የቀበረው የዛህራ ባል ነው፤ ሙኒራ በተወለደች ጊዜ። ሙኒራም አርባ ቀኗን እዚሁ ላይ ልትሞቅ ነበር። ቤቱን አራት ቀን ስንፈትሽ ግድግዳ ዳሰስን፣ ጣሪያ አየን፣ ቧንቧ ደፈንን። ራሳችን የቆፈርነውን ግን ጉድጓድ ብለን አልቆጠርነውም። ለዛህራ የቤት ዕቃ ነው። ለእኔ ደግሞ ቤት የመጣ እንግዳ የማይጠይቀው የሴት ነገር ነው።

የቆርቆሮ ክዳኑ በአንድ ወገን ጎብጧል። አነሳሁት።

ማሰሮው ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ወዲያ፣ ወደ ግድግዳው መሠረት፣ ወደ ጎረቤቱ ባዶ ቤት የሚሄድ ጥቁር ቀዳዳ ይታያል። ማሰሮው ውስጥ፣ በድሮው አመድ ላይ፣ ገርመሲሱ አለ። ጨርቅ ሆኖ አይደለም። ክሩ ሁሉ ተፈቶ፣ ላልቶ፣ እንደገና ተጠምዝዞ ኳስ ሆኗል፤ ቀዩ ከቢጫው ተዋሕዶ፣ ከአናቱ ትንሽ ክፍት፤ እጅ የሌለው ሸማኔ የሠራው። በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብዬ ከፈት አደረግሁት። ውስጡ ግልገሎች። ጸጉር የላቸውም፣ ዓይናቸው አልተከፈተም፤ ሮዝ ናቸው፤ ቆዳቸው ከመሳሳቱ የተነሣ የጠጡት ወተት ሆዳቸው ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ድምፅ ግን አይሰማም። አይጮኹም ማለት አይደለም። የአይጥ ግልገል እናቱን የሚጠራበት ድምፅ ከሰው ጆሮ በላይ ቀጭን ነው። ክፍሉ በጩኸት ተሞልቶ ይሆናል፤ እኛ ጸጥታ ነው የምንሰማው።

ብዙ አየሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ዛህራ ከላዬ ሆና ታያለች። ጨርቋን እያየች መሰለኝ። "አራስ ናት" አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ክዳኑን ራሷ መለሰችው።

ሐሙስ

ዓም ኡስማን ሲሚንቶ አቡክተው፣ የተሰበረ ጠርሙስና ጠጠር በባልዲ ይዘው ገቡ። የዛህራን ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተናደዱ።

"ያ ዛህራ! ከጠዋት ጀምሮ ተጣድፌ ሲሚንቶ ያቦካሁት አይጥ ልታሳርሺ ነው?"

"ልጄ ልትወልድ ነው፣ ዓም ኡስማን። ልጄ በምትተኛበት ሥር የእናት ደም አላፈስም። ግልገሎቿን ታውጣ፤ ከዚያ ድፈኑት።"

"ሲሚንቶ አይጠብቅም!"

"አራስም አትቸኩልም።"

እኔ በበኩሌ በሌላ ምክንያት ተስማማሁ፤ ወለል ሥር የሞተ ነገር ይሸታል። ይህን ስናገር ዓም ኡስማን ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን እየተናገርን ሳለ የስንጥቁን ጥልቀት ሊለኩ ብረት ሰደዱበት፤ አፈሩ ተናደና መተላለፊያው ከወዲያ ተዘጋ። እናትየዋ ማሰሮው ውስጥ አልነበረችም። መንገዷ ተቆርጧል፤ ልጆቿ ከእኛ ጋር ቀርተዋል።

በሩን ከፈትንና ሦስታችንም እግራችንን ሰቅለን አልጋው ላይ ተቀመጥን። ምን እንደምንጠብቅ እንኳ አላወቅንም። ፀሐይ በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ዓም ኡስማን ሲሚንቷቸውን በዓይናቸው ይጠብቃሉ።

መጣች።

በበሩ። በጠራራ ብርሃን። ከውጭ በኩል፣ ደፉን ተሻግራ። አንድ ጊዜ ቆመች፤ ጢሟ ይንቀጠቀጣል። ሰው መኖሩን አውቃለች፤ የሦስት ሰው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ገባች፤ በዚያው በቅባት መስመሯ፤ ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከአልጋው እግር አጠገብ፣ የዓም ኡስማን ጫማ ከተንጠለጠለበት ሥር። ማሰሮው አፍ ላይ ስትደርስ ገባች። ወጣች። አፏ ላይ ግልገል አለ፤ ወገቡን ይዛዋለች፤ ተጠቅልሎ ጸጥ ብሏል። በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። በበሩ ወጣች። በግቢው ግንብ ሥር፣ ወደ ባዶው ቤት።

ተመለሰች። ሁለተኛውን ወሰደች።

ስለ እንስሳት ብዙ አልጻፍኩም፤ ስለ ሰው ግን ብዙ ጽፌአለሁ። ሰው ልጁን ይዞ የሚሸሽበትን መንገድ ቆሜ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር እንደማየው ግን አልጠበቅሁም። ፊቷ ላይ ድፍረትም ፍርሃትም አይነበብም። መሄድና መመለስ ብቻ። በተመላለሰች ቁጥር ልቧ በጎኗ ሲመታ ይታያል።

ዓም ኡስማን ሲሚንቶው እየደረቀ እንደሆነ ያውቃሉ። ወርደው በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ውኃ ጨመሩበት፤ አማስለው ተመለሱ።

የመጨረሻውን ወሰደች። ዓም ኡስማን ባልዲውን አነሱ።

"ቆዩ" አለች ዛህራ።

አይጧ ተመልሳ ነበር። ማሰሮው ውስጥ ገባች። ባዶ ነው። ክሩ ሲንቀሳቀስ ሰማን፤ ውስጡን ትበረብራለች። ወጣች፤ አፏ ላይ ምንም የለም። ሄደች፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም።

"ልትቆጥር ነው የመጣች" አለች ዛህራ።

አይጥ መቁጠር ታውቃለች ብዬ አልጽፍም። ማጣራት ግን ታውቃለች። ዕድሜ ልኬን ወጣት ዘጋቢዎችን የለመንኩት ይህንኑ ነበር፤ ጨርሻለሁ ስትል አንድ ጊዜ ተመልሰህ እይ።

ጠርሙሱ፣ ጠጠሩ፣ ሽቦው፣ ሲሚንቶው ገባ። ዓም ኡስማን ላዩን በግንበኛ ማንካ አለሰለሱት። አሁን ተራ ወለል ነው። ዛህራ እስኪጨርሱ ቆማ አየች። ከዚያ በኋላ ነው ያደረግነው ነገር የገባት መሰለኝ፤ አይጧን ብቻ ሳይሆን ጉድጓዷንም አጥታለች። ባሏ የቀበረው ማሰሮ ነው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልናገር ስል ስልኩ ጮኸ።

ያሲር ነው። ሙኒራን ምጥ ይዟታል። ዳያዋ፣ አዋላጇ ማለት ነው፣ ተጠርታለች። ዛህራ ጫማዋን አቀያይራ አጥልቃ ወጣች፤ ረክሻው፣ ያው ባጃጅ፣ ገና ሳይቆም ነው የተሳፈረችው።

ዓርብ

ሴት ልጅ። ጤነኛ። ሙኒራም ደኅና። አልሐምዱሊላህ።

ዛህራ ከኦምዱርማን በስልክ ስትነግረኝ መጀመሪያ የተናገረችው ስለ አፍንጫዋ ነው። "ትንሽዬ ናት፣ እታለም። እንደ ሽንብራ።"

"ሐጃ ነፊሳስ ምን አሉ?"

"ደስ ብሏቸዋል።"

"ስለ ቤቱ?"

"ዝም።"

ዛሬ መምጫቸው ነበር። አልመጡም፤ በመወለዷ ምክንያት። አመዱን አየሁ። የአይጥ ዱካ የለም። በአንድ ጥግ የእንሽላሊት እግር ብቻ፤ እርሷን ተውኳት። ትንኝ ትበላለች። የሐጃ ቀጠሮ ቀን ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ውሏል፤ ያየው ግን እኔና እንሽላሊቷ ነን።

ቅዳሜ

ዛህራ ብቻዋን ተመለሰች። ልብስ ልትቀይር ነው፤ ወዲያው ትሄዳለች። አልጋው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አዲሱን ሲሚንቶ በመዳፏ ዳሰሰች።

"ነገርሻቸው?" አልኳት።

"ሁሉንም። አይጧን፣ ገርመሲሱን፣ በበሩ መመላለሷን። ሙኒራ አለቀሰች፤ አሁን በሁሉም ነገር ታለቅሳለች። ሐጃ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ ተነሥተው ወጡ።"

"ምን ሊያደርጉ?"

"እኔ እንጃ። ምን ይሉኛል? ዱኻን የሌለው ቤት እንዴት የአራስ ቤት ይባላል? አይጡን አወጣሁ ብዬ ጉድጓዱን ደፈንኩ። አሁን ሁለተኛ ምክንያት ሰጠኋቸው።"

አላጽናናኋትም። እውነት ነበር።

ሰኞ

የመኪና ጥሩንባ ሰምቼ ወጣሁ። ያሲር የጓደኛውን ቦክስ፣ ያቺን ኋላዋ ክፍት የሆነች መኪና፣ ተውሶ ነው የመጣው። ከኋላ ፍራሽና ሻንጣ። ከውስጥ ሙኒራ፣ ዛህራ፣ በመካከላቸው ነጭ ጥቅልል። ከፊት ሐጃ ነፊሳ። ጭናቸው ላይ፣ በሁለት እጃቸው እንደ ልጅ ያቀፉት፣ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ።

ማንንም ሰላም ሳይሉ ወደ ክፍሉ ገቡ። የስልካቸውን መብራት አብርተው አልጋው ሥር ጎነበሱ። ትንሿን ጣታቸውን የቧንቧው ጥግ ላይ ሞከሩ፤ አልገባችም። በሩ ሥር ያለውን ቆርቆሮ በጫማቸው መቱት። ዛህራ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ትከተላቸዋለች። ሙኒራ ሕፃኗን ይዛ መኪናው ውስጥ ትጠብቃለች፤ ገና አልወረደችም።

ሐጃ ነፊሳ ቀና አሉ። ማሰሮውን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጡት። እግር አለው፤ ከወለሉ በላይ ይቆማል።

"ማሰሮ መሬት ውስጥ መቅበር ቀርቷል" አሉ። "ይህ ይታጠባል፣ ይገለበጣል፣ ውስጡ ይታያል።"

"ሐጃ..." አለች ዛህራ።

"የአንቺን ታሪክ ሰምቼ ሄጄ የራሴን ጉድጓድ ከፈትኩት።" ቶባቸውን አስተካከሉ። ወደ ግድግዳው ዞር አሉ። "አንድ አራስ ብቻ አልነበረችም። ያንቺ እንኳ ሐር ለብሳ ነበር፤ የእኔዎቹ ከፍራሼ ነው የጠለፉት። እንግዲህ ወደዚያ ቤት ልጅ አልመልስም። ያላ፣ ሙኒራን አውርዷት፤ ፀሐይ ነው።"

ያሲር ሊሥቅ ሲል አዩት። ዋጠው።

ሙኒራ ገባች። አልጋው ላይ ዛህራ አስተኛቻት፤ የቀረውን ግማሽ ገርመሲስ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። ሙኒራ የተበላውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችና "ኻልቶ፣ ይኼ ፋር ነው?" አለችኝ።

"ፋር ነው" አልኳት። "ለልጆቿ ወሰደችው።"

ማክሰኞ

ትናንት ከመተኛታችን በፊት አመድ ነሰነስኩ፤ ከሕፃኗ አልጋ ርቄ፣ እንዳይቦንን ውኃ እፍ እያልኩ፣ ግድግዳውን ተከትዬ። ዛህራ "አሁንም?" አለችኝ። አሁንም። ባዶው ቤት ከግንቡ ወዲያ ነው። እናትየዋ እዚያ ናት፤ ልጆቿ ያድጋሉ፤ እኛም ማሽላ አለን። ይህ ጉዳይ አልቋል ብዬ አልጽፍም።

ጠዋት ሁሉም ሳይነሡ ገባሁ። ሙኒራ ተኝታለች። ሕፃኗ ተኝታለች፤ አፍንጫዋ ሙሉ ነው። ዛህራ ፍራሿ ላይ፣ በጎኗ፣ ሻርፗ ከራሷ ወርዶ፣ በከባድ እንቅልፍ ውስጥ ናት።

ጎንበስ ብዬ አመዱን አየሁ። የአይጥ እግር የለም። የሰው ባዶ እግር ነው ያለው። ከፍራሹ ወደ ሕፃኗ አልጋ፣ ከሕፃኗ አልጋ ወደ ፍራሹ። መብራት አልነበረም። ዛህራ ተመላልሳ ተመላልሳ አመዱ ላይ መንገድ አውጥታለች። ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ፣ ወለሉን ተመርኩዛ ስትነሣ አመድ የነካው የመዳፏ ዱካ አለ፤ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ፣ እስከ ሕፃኗ ድረስ። ማንንም እንዳትቀሰቅስ በመሐል አልሄደችም። ግድግዳውን ይዛ ነው።